ቤንዚን ሐይቁን ሳይነካ፦ ለጎርጎራ ትናንሽ ሞተር ጀልባዎች የነዳጅ ዕቃ ማነጻጸሪያ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ጎርጎራ፣ ከደንገል ታንኳው ጎን ለጎን ትናንሽ ሞተር ጀልባዎች ዓሣ ያሰግራሉ፤ ምዕመናንንና ጎብኚዎችንም እንደ ማንዳባ መድኃኔዓለም ወዳሉ ገዳማት ያመላልሳሉ። ሞተር ለመግዛት የሚነሳ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ መለዋወጫው ብዙ ይጠይቃል፤ ቤንዚኑን በምን እንደሚይዝ ግን የሚያስበው ሞተሩ ጀልባው ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እጁ ላይ የተገኘውን ዕቃ ይጠቀማል። ውጤቱን ለማየት የጀልባዎቹን ወለል መመልከት ይበቃል፦ ቤንዚንና ዘይት የተቀላቀለበት ጥቁር ውኃ ከወለሉ ጣውላ ሥር ተጠራቅሞ ይገኛል፣ ያም በቆርቆሮ እየተቀዳ ወደ ሐይቁ ይደፋል።

ይህ መመሪያ በገበያ ላይ የሚገኙትን የነዳጅ መያዣ አማራጮች በተመሳሳይ መስፈርት ያነጻጽራል። የትኛውንም የንግድ ምልክት አያወድስም፤ የአንድ ታንክ ጥራት ከስሙ ይልቅ በክዳኑ፣ በማስተንፈሻውና ቤንዚን ወደ ሞተሩ በሚወስደው ጎማ (ቱቦ) ማያያዣ ይታወቃልና። የብር ዋጋም አልተጻፈም፤ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ አማራጮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ውድነት ብቻ ተጠቁሟል።

መስፈርቶቹ

ከሁሉ የሚቀድመው መስፈርት ቤንዚኑ ውኃ ላይ ስንት ጊዜ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለበጣል የሚለው ነው። ለዓመታት ከተጠራቀመው ልምድ አንጻር ሲታይ ታንክ ተቀዶ ወይም ጎማ ተበጥሶ የሚፈሰው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚፈሰው ጀልባው እየተናጠ፣ አንድ ሰው ጀሪካን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ሌላው ማንቆርቆሪያ ይዞ በሚቀዱበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ የነዳጅ አያያዝ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ መቅዳትን ከሐይቁ አውጥቶ ወደ የብስ መመለስ ነው፤ ሌሎቹ መስፈርቶች ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመዘናሉ።

ሁለተኛው ሙቀትና ግፊት ነው። ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ መጠኑ ወደ 0.1 በመቶ ይጨምራል። ጎንደር ላይ በማለዳ በ15 ዲግሪ የተቀዳ 25 ሊትር ቤንዚን፣ ጎርጎራ ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው 40 ዲግሪ ቢደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። እስከ አፉ የተሞላ ዕቃ ይህን ትርፍ የሚያወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በክዳኑ ዙሪያ ማንጠባጠብ ነው። ሰዎች «ክዳኑ ያፈሳል» እያሉ የሚያማርሩት አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን ዕቃው ያለ ልክ ተሞልቶ ነው። ከመያዣው አቅም ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ባዶ መተው ተገቢ ነው፤ ይህ ደግሞ 25 ሊትር ተብሎ የተገዛ ዕቃ በተግባር ከ22 እስከ 23 ሊትር ብቻ እንደሚይዝ ቆጥሮ መግዛትን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ክብደትና መረጋጋት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በግምት 0.74 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጀልባውን ብቻውን የሚያንቀሳቅስ አስጋሪ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ከዳርቻ ጭቃ ላይ አንስቶ ወደሚናጥ ጀልባ ሲያስገባ ዕቃውን ካላጋደለ የሚደነቅ ነው። አራተኛው ንጽሕና፣ ማለትም ውኃና ቆሻሻ ወደ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው የሞተሩ ክፍል) እንዳይገባ መከላከል ሲሆን፣ አምስተኛው ወጪና መለዋወጫ ነው። የመጨረሻውን ገዢዎች አስቀድመው ስለሚጠይቁት እዚህ ላይ ማብዛት አያስፈልግም።

ቢጫው ጀሪካን

የምግብ ዘይት የመጣበት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በየቤቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ብዙዎች ክዳኑን በስተው የሞተሩን ጎማ ያስገቡበትና በጨርቅ ይወትፉታል፤ እንዲህ ሲሠራ ታንክ የሆነ ይመስላል። ጉድለቱ ግን ብዙ ነው። ፕላስቲኩ ለነዳጅ ተብሎ ስላልተሠራ የቤንዚን ትነት በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ክዳኑ ውስጥ ያለው ማሸጊያ በቤንዚን ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል፤ የተቀደደው ክዳን ደግሞ ጀልባው በተናጠ ቁጥር ይረጫል። የአየር ማስገቢያ ስለሌለው ቤንዚኑ ሲቀዳ እየተንዶቀዶቀ ይወርዳል፣ ለመፍሰስ ከዚህ የሚመች ሁኔታ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ይኸው ጀሪካን በቤት ውስጥ የመጠጥ ውኃ ይቀዳበታል፣ የጠላ ጥንስስ ይቀመጥበታል። ቤንዚን የነካው ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ሽታውና ቅሪቱ ከፕላስቲኩ አይለቅም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በመልክ የማይለዩ ሁለት ጀሪካኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አደጋ መጥራት ነው። ሌላ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ጀሪካኑ በቀይ ቀለም ዙሪያውን ተቀብቶ «ቤንዚን» ተብሎ ይጻፍበት፣ ከማደያ እስከ ዳርቻ ለማጓጓዝ ብቻ ያገልግል እንጂ ሞተሩ በቀጥታ አይጠጣበት።

የብረቱ ጀሪካን

ባለ 20 ሊትሩ የብረት ጀሪካን መሠረቱ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ለጦር ሠራዊት የተነደፈው ዕቃ ነው። ሦስቱ እጀታዎች ሁለት ሰዎች አንዱን እንዲሸከሙ፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ባዶዎችን በአንድ እጅ እንዲይዝ ያስችላሉ፤ ተጭኖ የሚዘጋው ክዳን ከጀሪካኑ ስለማይለይ አይጠፋም፤ ከላይ በኩል ያለው ጉብታ አየር ስለሚይዝ ሙሉ ሆኖ ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ይንሳፈፋል። ለማጓጓዝ ከእርሱ የሚሻል ማግኘት ያስቸግራል። በማደያ ሲሞላም የመቅጃው አፍ ብረቱን ከነካ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ስጋት ይቀንሳል።

ነገር ግን የብረት ጀሪካን ማጓጓዣ እንጂ የሞተር ታንክ አይደለም፤ ይዘቱ በመጨረሻ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጡ አይቀርም። በከፊል ባዶ ሆኖ ሲያድር የሌሊቱ ቅዝቃዜ በውስጡ ጠል ያበጃል፤ ያ ውኃ ከታች ተቀምጦ ብረቱን ያዝጋል፣ የዝገቱ ፍርፋሪም ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። የውስጥ ሽፋኑ የተላጠ ጀሪካን ከመግዛት መቆጠብ ያሻል፤ ይህን ለማወቅ በስልክ መብራት ውስጡን መመልከት ብቻ ይበቃል።

ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ታንክ

ከ2 እስከ 4 ፈረስ ጉልበት ያላቸው ብዙ ትናንሽ ሞተሮች አንድ ሊትር ያህል የሚይዝ ታንክ በራሳቸው ላይ አላቸው። ጎማ የለም፣ ማያያዣ የለም፣ ተጨማሪ ወጪ የለም። ለአጭር ርቀት፣ ለምሳሌ መረብ ጥሎ ለመመለስ፣ ይህ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት ለሚያልፍ ጉዞ ግን ባለ ጀልባው ሐይቁ መሐል ላይ፣ ከጀልባው ጠርዝ ውጭ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እንዲቀዳ ያስገድደዋል። በመጀመሪያው መስፈርት ሲመዘን ከሁሉም የመጨረሻ ደረጃ የሚይዘው ይኸው ነው፤ እሳት የመነሳቱ ዕድልም እዚህ ላይ ይሰፋል። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መቅዳት በምንም ምክንያት ልክ አይሆንም።

ተንቀሳቃሹ የሞተር ታንክ፦ ባለ 12 እና ባለ 24 ሊትር

ለጀልባ ሞተር ተብሎ የተሠራው ቀይ የፕላስቲክ ታንክ ወለሉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም፤ መጠን መለኪያ አለው፣ ክዳኑ ላይ ማስተንፈሻ አለው፣ ጎማው የሚገጠምበት ፈጣን ማያያዣ አለው። ሞተሩ በቀጥታ ከእርሱ ስለሚጠጣ የብስ ላይ ተሞልቶ ወደ ጀልባ ከገባ በኋላ ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም። በዚህ መመሪያ ቀዳሚው ምርጫ ይህ የሆነበት ምክንያት ሌላ አይደለም።

የቆዩት ታንኮች ማስተንፈሻ በእጅ የሚዞር ብሎን ነው። ሞተሩ ሲሠራ ይከፈታል፣ ታንኩ ሲጓጓዝና ሲቀመጥ ይዘጋል። መክፈቱ ከተዘነጋ ሞተሩ ቤንዚን በጠጣ ቁጥር ታንኩ ወደ ውስጥ ይጨማደድና ሞተሩ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ብሎኑን በመክፈት ፈንታ ክዳኑን አላልቶ ጉዞ ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማዕበል ጥቂት ቤንዚን ይዞ ይወጣል። አዲሶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራሉ፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጣው ግዴታ መሠረት የሚሠሩ ታንኮች እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት ድረስ ትነት አያስወጡም። አየሩን ከትነት ይጠብቃሉ፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ያብጣሉ፣ ጎማው ከሞተሩ ጋር እንደተያያዘ ከቀረም የታፈነው ግፊት ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተሩ ገፍቶ በሞተሩ በኩል ያንጠባጥበዋል። ስለዚህ ሞተር በጠፋ ቁጥር ጎማውን ከሞተሩ መንቀልና ታንኩን በጆንያ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ማጥላት ልማድ መሆን አለበት።

ከባለ 12 እና ከባለ 24 ሊትሩ የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከሚታሰበው በላይ ክብደት አለው። ባለ 24 ሊትሩ ሲሞላ ከነዕቃው 20 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ባለ 12ቱ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሁለት ባለ 12 ሊትሮች ከአንዱ ባለ 24 ሊትር በዋጋ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሲያልቅ ጎማውን ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው መሰካት ብቻ ስለሚጠይቁ መቅዳትን ሙሉ በሙሉ ያስቀራሉ። በአንዱ ውስጥ ውኃ የገባበት ቤንዚን ቢያጋጥም ሌላው ንጹሕ ሆኖ ይመልሳል፤ ከመንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን በላምባም በውኃም በሚደባለቅበት ጊዜ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ለነጠላ አስጋሪ የጸሐፊው ፍርድ ያለ ማመንታት ወደ ሁለቱ ትናንሾች ያደላል።

ጎማው፣ የእጅ መጭመቂያውና ማያያዣው

ታንኩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በመኪና ራዲያተር ጎማ ወይም በግልጽ የውኃ ቱቦ ከተያያዘ ከንቱ ነው። ለነዳጅ የተሠራ ጎማ ቤንዚን አያደርቀውም፤ ሌላው ግን በወራት ውስጥ ይጠነክርና በማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ጎማው በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይጠበቅ፤ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ጎማውን ይቆርጠዋል። መሐል ላይ ያለው በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ኳስ በላዩ ላይ ቀስት አለው፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፣ ሲጨመቅም ቀጥ ብሎ ቢያዝ ቶሎ ይሞላል። ኳሱ ከጠነከረ በኋላ መጭመቁን መቀጠል ካርቡራተሩን ያጥለቀልቃል፣ ትርፉም ውኃ ላይ ይንጠባጠባል። ጠንክሮ ቆይቶ በራሱ የሚለሰልስ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በማያያዣው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቀለበት ጎማ ናት፣ እርሷን መቀየር ደግሞ ርካሽ ነው።

ውኃ የሚለይ ፊልትሮ በታንኩና በሞተሩ መካከል መግጠም ለማጓጓዣ ጀልባዎች የግድ ነው፤ ለአስጋሪዎች ደግሞ አቅም ሲፈቅድ ይመከራል።

መቅጃዎች

የብስ ላይም ቢሆን ከጀሪካን ወደ ታንክ መቅዳት አይቀርምና መቅጃው ምርጫ ይፈልጋል። በአፍ ስቦ መቅዳት ጨርሶ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ብርቱ የሳንባ ጉዳት ያደርሳል፣ የዋጠ ሰውም እንዲያስመልስ አይደረግም፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ጫፉ ላይ ኳስ ያለበትና ሲወዘወዝ በራሱ መሳብ የሚጀምር ቱቦ በርካሽ ይገኛል፤ የሚሠራው ግን ጀሪካኑ ከታንኩ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ብቻ ስለሆነ ለዳርቻ እንጂ ለጀልባ አይሆንም። የፕላስቲኩ የእጅ ፓምፕ ከፍታ አይጠይቅም፤ ከቀዳ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ቤንዚን ግን ሲወጣ ስለሚንጠባጠብ በፌስታል ሳይሆን በጠርሙስ ውስጥ ቆሞ ይቀመጥ። ማንቆርቆሪያ ከተመረጠ ወንፊት ያለው፣ አፉም ሰፊ ይሁን።

ፕላስቲክ ዕቃ በሚሞላበት ጊዜ በባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ በፒካፕ ጭነት ላይ ወይም በጀልባ ውስጥ ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ምክንያቱም የተጠራቀመው ስታቲክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለማያገኝ ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ያለው ሰው ዘይቱንም እዚያው የብስ ላይ ይቀላቅል፦ አምራቹ 50 ለ 1 ብሎ ካዘዘ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። መጀመሪያ የቤንዚኑ ግማሽ ይገባል፣ ዘይቱ ይከተላል፣ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ቀሪው ይሞላል። ለሞተሩ ደግ የሠራ መስሎት ዘይቱን የሚያበዛ ሰው ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ በጭስ ማውጫው በኩልም ሐይቁ ላይ የዘይት ቀለም ይዘረጋል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ውኃ ላይ መቅዳት | ሙቀትና ግፊት | ሲሞላ የሚመዝነው (በግምት) | ንጽሕና | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቢጫ ጀሪካን፣ 20 ሊትር | ብዙ ጊዜ | ደካማ | 16 ኪ.ግ. | ደካማ | በጣም ዝቅተኛ |
| የብረት ጀሪካን፣ 20 ሊትር | አንድ ጊዜ፤ የብስ ላይ ከተቀዳ ምንም | ጥሩ | 19 ኪ.ግ. | ዝገት ይፈራል | መካከለኛ |
| ሞተር ላይ ያለ ታንክ፣ 1 ሊትር | በየሰዓቱ | መካከለኛ | 1 ኪ.ግ. የማይሞላ | ጥሩ | ተጨማሪ የለውም |
| የሞተር ታንክ፣ 24 ሊትር | የለም፣ ካልተራዘመ ጉዞ በስተቀር | ጥሩ፣ ጥላ ይፈልጋል | 20 ኪ.ግ. | ጥሩ | ከፍተኛ |
| ሁለት የሞተር ታንኮች፣ 12 ሊትር | የለም | ጥሩ፣ ጥላ ይፈልጋል | እያንዳንዱ 11 ኪ.ግ. | በጣም ጥሩ | ከሁሉ ከፍተኛ |

እንደ ሥራውና እንደ አቅሙ

ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ፍጥነት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ሊትር ይጠጣል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠውን ጉልበት አይሰጥም፣ ባለ ጀልባውም ፍጥነት ፍለጋ መሪውን እስከ መጨረሻው ያጠማዝዘዋል። ስሌቱ ለመሄጃ ሲሶ፣ ለመመለሻ ሲሶ፣ ለመጠባበቂያ ሲሶ ተብሎ ቢያዝ፣ ከቀትር በኋላ የሚነሳው ነፋስ ጉዞውን ቢያጓትትም ሐይቅ መሐል ላይ መቅዳት አይመጣም።

አቅሙ ውስን የሆነና ከዳርቻ የማይርቅ አስጋሪ አንድ ባለ 12 ሊትር የሞተር ታንክ ይግዛ፣ ለማጓጓዣ ቀይ የተቀባ ጀሪካን ይጠቀም፣ መቅዳቱንም ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ያከናውን። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ታንኩ ከአዲስ መረብ ይቀድማል ማለት ይከብዳል፤ ደህና ጎማና ፋሼታ ግን ከምንም ይቀድማል። ራቅ ብሎ የሚያሰግር ነጠላ ሰው ሁለት ባለ 12 ሊትር ታንኮችን ይያዝ። ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ደግሞ አንድ ባለ 24 ሊትር ታንክ በቋሚ ቦታ በቀበቶ አስሮ፣ አንድ ባለ 12 ሊትር ለመጠባበቂያ አክሎ፣ ፊልትሮና የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑረው። የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ከወለል ጣውላ ሥር ይተኛል፤ ተሳፋሪ ባለበት ታንክን ከመቀመጫ ሥር በተዘጋ ቦታ ማስቀመጥ፣ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ አጠገቡ መፍቀድ የማይታሰብ ነው። በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎች የብረት ጀሪካኖችንና አንድ የእጅ ፓምፕ በጋራ ገዝተው ዳርቻ ላይ አንድ መቅጃ ቦታ ቢለዩ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል። ያ ቦታ ደንገልና ሣር ካለበት ጥልቀት አልባ ውኃ ይራቅ፤ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች የሚራቡት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። በክረምት ደግሞ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ስለሚወጣ ከመገጭና ከድርማ አፍ አካባቢ መራቅ ይገባል። ጣና በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ለዳርቻው ነዋሪ ግን ከዚያ በፊትም የሚጠጣው ውኃ ነበር።

ከታንኩ ሥር ሰፋ ያለ ሳፋ ማስቀመጥና በውስጡ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ማንጠፍ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ይጠቅማል፤ የሚንጠባጠበው ሁሉ ወለሉ ላይ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ከውጭ የሚመጣው ዘይት መጥጦ ውኃ የማይመጥ ነጭ ምንጣፍ ከተገኘ ከጨርቁ ይበልጣል፣ በተለይ ከወለል ሥር የተጠራቀመ ውኃ ላይ ሲጣል። የብስ ላይ ለፈሰሰ ሰጋቱራ ይበቃል። የፈሰሰ ቤንዚን ላይ ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና መርጨት ግን ቀለሙን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ነዳጁን አያጠፋውም፤ በትናንሽ ጠብታዎች በታትኖ ወደ ውኃው ውስጥ ያስገባዋል፣ ለዓሣ እንቁላልና ለጫጩቱ ይበልጥ ጎጂ ያደርገዋል።

ያገለገለ ታንክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን ይፈትሽ። ታንኩ ውስጥ ጥቂት ውኃ ጨምሮ፣ ክዳኑንና ማስተንፈሻውን ዘግቶ፣ በጎኑና በአፉ ገልብጦ ለጥቂት ደቂቃ ይያዘው፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማሸጊያው ይቀየራል ወይም ዋጋው ይቀንሳል። ፕላስቲኩ በፀሐይ ነጭ ሆኖ በጥፍር ሲጫር የሚቦን ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የጎማው ማያያዣ ከራሱ ሞተር ጋር መግጠሙን ሞተሩ ባለበት ይሞክር፤ የአንዱ አምራች ማያያዣ ለሌላው አይሆንም፣ ሻጩ «ይገጥማል» ያለው ሁሉ አይገጥምም። የፈተሸበትን ውኃ ጨርሶ ደፍቶ፣ ታንኩን ክዳኑ ተከፍቶ በጥላ ካደረቀ በኋላ ብቻ ቤንዚን ይሙላበት።